አኪኪኪ፦ ወባ ወደ ደጋ ሲወጣ መሸሻ ያጣችው የካዋይ ደሴት ወፍ

አኪኪኪ በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ መካከል ከሚገኙት የሃዋይ ደሴቶች ውስጥ ካዋይ በተባለችው ደሴት ብቻ የምትኖር ትንሽ የጫካ ወፍ ናት። ርዝመቷ 13 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጀርባዋ ግራጫ፣ ሆዷ ነጭ፣ ምንቃሯ ደግሞ ፈዛዛ ሮዝ ነው። ደማቅ ቀይና ቢጫ ላባ ካላቸው የሃዋይ ዘመዶቿ ጋር ስትተያይ ዓይን የምትስብ አይደለችም። ኑሮዋ ኦሂያ በተባለው የደሴቶቹ ነባር ዛፍ ላይ ነው፤ በግንዱና በቅርንጫፉ ላይ እየተንጠላጠለች፣ ከቅርፊቱና ከዛፉ ሽበት ሥር የተሸሸጉ ነፍሳትን፣ እጮችንና ሸረሪቶችን እየለቀመች ትመገባለች። በሳይንስ ምደባ ውስጥ ወገኗን የሚጋራ ሌላ ዝርያ ዛሬ የለም፤ ስለዚህ እሷ ከጠፋች አንድ ሙሉ የዘር ሐረግ አብሯት ይቋረጣል።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በተጠናቀቀ ቆጠራ የአኪኪኪ ቁጥር ወደ 7,000 እንደሚጠጋ ተገምቶ ነበር። በ2012 ግምቱ ከ500 በታች ወረደ፤ በ2021 ወደ 45፣ በ2023 ደግሞ ወደ 5 አሽቆለቆለ። በ2024 ተመራማሪዎች በጫካው ውስጥ መኖሯን የሚያውቁት 1 ወፍ ብቻ ነበር። ይህ ሁሉ የሆነው ማንም ለአደን ሳያሳድዳትና የምትኖርበት ጫካ ሳይመነጠር ነው። የመጨረሻው መኖሪያዋ አላካኢ የተባለው ረግረጋማ አምባ እንዲያውም በሕግ የተጠበቀ፣ መንገድ የማይገባበትና ሰው ያልሰፈረበት ምድር ነው። ወፏን የጨረሳት ወባ ነው፤ የሰው ሳይሆን የወፎች ወባ።

ነገሩን ለመረዳት ደሴቶቹ ከትንኝ በፊት ምን ይመስሉ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ከአምስትና ስድስት ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ ከእስያ የመጡ ጥቂት ዘር በል ወፎች ሃዋይ ደርሰው ዘር ተኩ። ከየትኛውም አህጉር በሺዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች በራቀው በዚህ ስፍራ ልጆቻቸው ቀስ በቀስ ከ50 በላይ ወደሆኑ ዝርያዎች ተለያዩ፤ አንዳንዱ የአበባ ማር ለመቅሰም የተቆለመመ ረጅም ምንቃር አወጣ፣ አንዳንዱ ጠንካራ ፍሬ የሚሰነጥቅ ወፍራም ምንቃር አበጀ፣ አንዳንዱም እንደ አኪኪኪ ከቅርፊት ሥር ነፍሳት የሚለቅም ሆነ። ዛሬ ከእነዚህ ዝርያዎች በሕይወት ያሉት ከ20 ያንሳሉ። በዚያ ሁሉ ረጅም ዘመን በደሴቶቹ ላይ አንድም ትንኝ አልነበረም። ትንኝ ባለመኖሩ ትንኝ የሚያስተላልፈው በሽታ አልነበረም፤ በሽታው ባለመኖሩም የወፎቹ አካል እሱን የሚከላከልበትን አቅም አላዳበረም። በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ ያሉ ብዙ ወፎች ከወባ ተውሳክ ጋር ለእልፍ ትውልዶች አብረው ስለኖሩ በሽታው ሲይዛቸው ብዙውን ጊዜ ተቋቁመውት ያልፋሉ። የሃዋይ ወፎች ግን ለዚህ ፈተና ተዘጋጅተው አያውቁም።

ትንኝ ወደ ሃዋይ የገባው በ1826 ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ታሪክ ከሜክሲኮ የመጣችው ዌሊንግተን የተባለች መርከብ በማዊ ደሴት ላሃይና ወደብ መልሕቅ ጥላ፣ እጭ ያለበትን የቆየ የመጠጥ ውኃ ስታፈስ መጣ ይላል። ይህ ትንኝ ኪዩሌክስ ከሚባለው ወገን ሲሆን የሚነክሰው በሌሊት ነው። በዚያን ጊዜ ትንኙ ብቻውን ነበር፤ ፕላዝሞዲየም ሬሊክተም የተባለው የወፎች ወባ ተውሳክ የተስፋፋው በኋላ፣ ሰፋሪዎች ለጌጥና ለዜማ ብለው ከሌላ ዓለም ካስመጧቸው ወፎች ጋር ነው። አስተላላፊውና ተውሳኩ ከተገናኙ በኋላ በባሕር ዳርና በዝቅተኛ ስፍራዎች የነበሩት ነባር የጫካ ወፎች ተራ በተራ ጠፉ። ሪቻርድ ዋርነር የተባለ ተመራማሪ በ1968 ባሳተመው ጥናት፣ ከበሽታው ርቀው የኖሩ ወፎች ወደ ዝቅተኛ ስፍራ ተወስደው ለትንኝ ሲጋለጡ እንደሚታመሙና እንደሚሞቱ፣ ትንኝ በማያስገባ መከለያ ሲጠበቁ ግን እንደሚተርፉ አሳየ። ነባር ወፎች ከፍ ባለው ተራራ ላይ ብቻ የቀሩበት ምክንያት በዚህ ተገለጠ።

ተራራው ያዳናቸው በቅዝቃዜው ነው። ትንኝ የታመመች ወፍ ደም ስትመጥ ተውሳኩን አብራ ትወስዳለች፤ ነገር ግን ወዲያው ሌላ ወፍ ልትበክል አትችልም። ተውሳኩ በመጀመሪያ በትንኟ ሆድ ውስጥ መራባት፣ ከዚያም ወደ ምራቅ ዕጢዋ መድረስ አለበት። ትንኝ የራሷ የሰውነት ሙቀት ስለሌላት ይህ ዕድገት የሚወስደው ጊዜ በአካባቢው አየር ይወሰናል። ሙቀቱ ከፍ ባለ ቁጥር ተውሳኩ በፍጥነት ይበስላል፤ ሙቀቱ ከ17 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ ዕድገቱ እጅግ ስለሚዘገይ ትንኟ ብዙውን ጊዜ ተውሳኩ ሳይበስል ትሞታለች፤ ወደ 13 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ዕድገቱ ጭራሽ ይቆማል። ስለዚህ ከአንድ ከፍታ በላይ ትንኝ ቢኖር እንኳ ወባ አይተላለፍም። ለረጅም ጊዜ አኪኪኪ የኖረችው ከዚህ የማይታይ መስመር በላይ ነበር።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ መስመር አዲስ ነገር አይደለም። ቆላ የወረደ ሰው ወባ ይዞ እንደሚመለስ፣ ደጋ ግን ከወባ ነፃ እንደሆነ ቀድሞም የታወቀ ነው፤ የጤና ባለሙያዎችም ለረጅም ጊዜ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትርን እንደ መለያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። የሰውን ወባ የሚያስተላልፈው አኖፊለስ የተባለው ትንኝ ነው፤ ተውሳኩም የተለየ ዝርያ ስለሆነ የወፎች ወባ ሰውን አይዝም። ሙቀት በተውሳኩ ዕድገት ላይ ያለው ሚና ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው። በ2014 የታተመ፣ የኢትዮጵያንና የኮሎምቢያን ደጋማ አካባቢዎች የመረመረ ጥናት፣ ሙቀት በጨመረባቸው ዓመታት ወባ ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ በቀዘቀዙት ዓመታት ደግሞ ወደ ታች እንደሚመለስ አሳይቷል፤ የኢትዮጵያው መረጃ የተገኘው ከደብረ ዘይት አካባቢ ነበር። ከዚህ ጋር ሲታይ የካዋይ ጉዳይ ሩቅ አገር ላይ የደረሰ እንግዳ ክስተት አይሆንም። ልዩነቱ ሰው መድኃኒት፣ አጎበርና የጤና ጣቢያ ሲኖረው ወፏ ያላት መከላከያ የተራራው ቅዝቃዜ ብቻ መሆኑ ነው።

እዚህ ላይ የደሴቲቱ ዕድሜ ወሳኝ ይሆናል፤ ከጉዳዩ ሁሉ የሚከብደውም ይህ ይመስለኛል። የሃዋይ ደሴቶች ከባሕር ወለል በእሳተ ገሞራ የተወለዱ ናቸው፤ እሳተ ገሞራው ሲሞት ዝናብና ጎርፍ እየሸረሸራቸው፣ የራሳቸውም ክብደት ወደ ታች እየጫናቸው ዝቅ እያሉ ይሄዳሉ። ካዋይ ከዋና ዋናዎቹ ደሴቶች መካከል በዕድሜ አንጋፋዋ ስትሆን ወደ አምስት ሚሊዮን ዓመት ትጠጋለች፤ ከፍተኛው ጫፏም 1,598 ሜትር ብቻ ነው። በማዊ ደሴት ያለው ሃሌአካላ ግን 3,055 ሜትር፣ የደሴቶቹን ሁሉ የጋራ ስም በያዘችው በወጣቷ የሃዋይ ደሴት ያለው ማውና ኬያ ደግሞ 4,207 ሜትር ከፍታ አላቸው። የዓለም ሙቀት ሲጨምርና የወባው መስመር ሽቅብ ሲወጣ፣ በእነዚያ ደሴቶች ያሉ ወፎች ጫካው እስካለ ድረስ ወደ ላይ የሚሸሹበት ቦታ ለጊዜውም ቢሆን ይኖራቸዋል። በካዋይ ግን መስመሩ ከአምባው በላይ አልፎ ሄደ፤ ተራራው አለቀ። በሙቀት የአንድና የሁለት ዲግሪ ለውጥ ብዙ ሰው እንደ ትንሽ ነገር ቢያየውም፣ ለአኪኪኪ ግን በመኖርና በመጥፋት መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ብቻ ነበር።

መረጃውም ይህንኑ ይመሰክራል። በአላካኢ አምባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከወፎች የተወሰደ የደም ናሙና ከ2007 እስከ 2013 ከተወሰደው ጋር ሲነጻጸር፣ በወባ የተያዙት ወፎች ድርሻ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል። ሙቀቱ ብቻ አይደለም የተለወጠው። አካባቢው በምድር ላይ እጅግ ዝናባማ ከሚባሉት ስፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ ቀድሞ ኃይለኛ ጎርፍ የወንዞቹን አልጋ ደጋግሞ ስለሚጠርግ የትንኝ እጭ ማደጊያ አያገኝም ነበር። ዝናቡ ሲቀንስና የወንዙ ፍሰት ሲዳከም በድንጋይ መካከል የቆመ ውኃ ይቀራል፤ የዱር አሳማዎችም መሬቱን ቆፍረው የውኃ መቋጠሪያ ጉድጓዶች ያበጃሉ። ሙቀቱ ተውሳኩን ሲያፋጥን፣ የቆመው ውኃ ደግሞ ትንኙን አበዛ።

ወፎች ለምን በጊዜ ብዛት በሽታውን አይለምዱትም የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። በሃዋይ ደሴት ዝቅተኛ ስፍራዎች የሚኖር አማኪሂ የተባለ ዘመድ ወፍ ወባን የመቋቋም አቅም ማዳበሩ ተረጋግጧል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ለውጥ የሚመጣው ከብዙ ሺህ ወፎች መካከል በአጋጣሚ ጠንካራ የሆኑት ጥቂቶች ተርፈው፣ ጥንካሬያቸውን ለልጆቻቸው አውርሰው፣ ልጆቻቸውም ፈጥነው ሲራቡ ነው። አኪኪኪ በአንድ ጊዜ የምትጥለው እንቁላል አብዛኛውን ጊዜ 2 ሲሆን፣ በሽታው በኃይል ሲደርስባትም ቁጥሯ አስቀድሞ የተመናመነ ነበር። ከጥቂት መቶ ወፎች መካከል የሚቋቋም አንድ ጥንድ ቢገኝ እንኳ ዘር ለመተካት ጊዜ አይበቃውም። በዚህ ላይ ቀላል የማይባል ሌላ ችግር አለ፤ ከውጭ የገቡትና ወባን የሚቋቋሙት ወፎች ራሳቸው ሳይሞቱ ተውሳኩን በደማቸው ይዘው ስለሚኖሩ፣ አኪኪኪ አንድ ብቻ ብትቀርም በሽታው ከጫካው አይጠፋም።

ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። በ1982 እና በ1992 የመቱ ኃይለኛ አውሎ ነፋሶች ዛፎችን ገንድሰው ጫካውን አመናምነዋል፤ አይጦች እንቁላልና ጫጩት ይበላሉ፤ ባዕድ ተክሎች ነባሩን ጫካ ይሻሙታል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ የኦሂያን ዛፍ በፍጥነት የሚያደርቅ የፈንገስ በሽታ ካዋይ ደርሷል። ሁሉም ወፏን ጎድተዋል። ሆኖም በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ ከብዙ መቶዎች ወደ 45 መውረዷን ያለ ወባ ማስረዳት አይቻልም።

አኪኪኪ በአሜሪካ ሕግ ለመጥፋት የተቃረበች ዝርያ ተብላ በ2010 ተመዘገበች። በ2015 የጥበቃ ባለሙያዎች ከዱር እንቁላል መሰብሰብ ጀመሩ። ጎጆዎቹ በከፍተኛ ዛፎች ቀጫጭን ቅርንጫፎች ጫፍ ላይ ስለሚሠሩ ሰው ሊወጣባቸው አይችልም፤ ስለዚህ ረጃጅም መሰላሎች በሄሊኮፕተር ተጓጉዘው፣ ከዛፉ ጎን በገመድ ተወጥረው፣ ጥንቃቄ በሚጠይቅ ሥራ እንቁላሎቹ ይለቀሙ ነበር። የተፈለፈሉት ጫጩቶች የሳንዲያጎ መካነ እንስሳት ድርጅት በሚያስተዳድራቸው በማዊና በሃዋይ ደሴቶች በሚገኙ ሁለት ማዕከላት፣ ትንኝ በማያስገባ ቤት ውስጥ አደጉ። በ2023 የዱሩ ቁጥር ሲያሽቆለቁል ደግሞ በጫካ የቀሩትን ወፎች ራሳቸውን ይዞ ወደ ማዕከል ማስገባት ተጀመረ። ዛሬ ዝርያዋ አለች የምንለው በእነዚህ ቤቶች ውስጥ በአሥሮች የሚቆጠሩ ወፎች ስላሉ ነው። በነሐሴ 2023 ላሃይናን ያወደመው የእሳት ቀን በማዊ ሌላ አካባቢም ቃጠሎ ተነስቶ ወደ ማዕከሉ ተጠግቶ ነበር፤ ሠራተኞችና ጎረቤት በእሳት ማጥፊያና በውኃ ተከላክለው አተረፉት። አንድን ዝርያ በጥቂት ቤቶች ውስጥ ማኖር ምን ያህል ስስ ተስፋ እንደሆነ በዚያ ቀን ታይቷል።

ማዕከሉ የወፏን ዘር ያቆያል እንጂ ችግሩን አይፈታም፤ ትንኝ ወዳለበት ጫካ የተለቀቀች አኪኪኪ ትሞታለችና። ስለዚህ መፍትሔው ትንኙን መቀነስ ነው። ፀረ ተባይ ኬሚካል በረግረግና በገደል በተሞላ ጫካ ላይ መርጨት አይቻልም፤ ቢቻል እንኳ አኪኪኪ የምትመገባቸውንና በምድር ሌላ ቦታ የማይገኙ ብዙ ነፍሳትን አብሮ ይፈጃል። የተመረጠው ዘዴ ዎልባኪያ የተባለ ባክቴሪያን ይጠቀማል። ይህ ባክቴሪያ በብዙ ነፍሳት ሰውነት ውስጥ በተፈጥሮ የሚኖር ሲሆን፣ በሃዋይ ያለው ትንኝም የራሱ ዓይነት አለው። ዘዴው የሚመሠረተው በአንድ ባሕርዩ ላይ ነው፤ ወንዱና ሴቷ የተለያየ ዓይነት ዎልባኪያ የያዙ ከሆነ ሴቷ የምትጥለው እንቁላል አይፈለፈልም። ተመራማሪዎች ከሌላ የትንኝ ዝርያ የተወሰደ የዎልባኪያ ዓይነት ያላቸውን ትንኞች በቤተ ሙከራ አራብተው፣ ወንዶቹን ከሴቶቹ ለይተው፣ ወንዶቹን ብቻ ወደ ጫካ ይለቃሉ። የጫካዋ ሴት ትንኝ ከእነዚህ ወንዶች ከአንዱ ጋር ከተገናኘች የምትጥለው እንቁላል መና ይቀራል። የሚለቀቁት ወንዶች ከጫካዎቹ ወንዶች በብዙ እጥፍ ከበለጡና ልቀቱ ሳይቋረጥ ከቀጠለ የትንኙ ቁጥር ትውልድ በትውልድ እየወረደ ይሄዳል።

ነዋሪዎች የሚያነሷቸው ስጋቶች ቀላል መልስ አላቸው ብሎ ማለፍ ተገቢ አይደለም፤ ሰው በሚጠጣው ውኃና በሚተነፍሰው አየር አካባቢ ትንኝ ከሰማይ ሲለቀቅ መጠየቁ መብቱ ነው። የሚለቀቁት ወንዶች ስለሆኑ አይነክሱም፤ ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት። ዘረ መላቸውም በሰው አልተለወጠም። ትንኙ ራሱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በመርከብ የገባ ባዕድ ስለሆነ ሕይወቱ በእሱ ላይ የተመሠረተ ነባር እንስሳ አይታወቅም። ይልቅ ከባዱ ነገር የሥራው ስፋትና ዘላቂነት ነው። ልቀቱ ቢቋረጥ ከታች ካለው ቆላ አዳዲስ ትንኞች ወደ አምባው ስለሚወጡ ቁጥሩ እንደገና ያንሰራራል፤ ስለዚህ ወጪው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል አይደለም። መንግሥታዊና የግል ድርጅቶች በጋራ የመሠረቱት ኅብረት በኅዳር 2023 በማዊ ተራሮች ላይ በሄሊኮፕተር መልቀቅ ጀመረ፤ ሥራው በኋላ ወደ ካዋይም ተስፋፋ። ከ2025 ጀምሮም ትንኞቹን በሚበሰብስ መያዣ አድርጎ በድሮን መጣል ተሞክሯል፤ ይህም በደመናና በነፋስ በተሸፈኑ ገደላማ ስፍራዎች የሄሊኮፕተር አብራሪዎችን ሕይወት ለአደጋ ላለማጋለጥ ይረዳል።

ለአኪኪኪ ይህ ሁሉ ዘግይቶ የመጣ ነው፤ ለሌሎች ግን ገና ጊዜ አለው። በዚያው በአላካኢ አኬኬኤ የተባለች፣ እሷም በካዋይ ብቻ የምትገኝ ቢጫ ወፍ በተመሳሳይ መንገድ ቁጥሯ እየተመናመነ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በጥቅምት 2023 ጠፍተዋል ብሎ ከጥበቃ ዝርዝር ከሰረዛቸው 21 ዝርያዎች መካከል 8ቱ የሃዋይ ጫካ ወፎች ነበሩ፤ ከነሱም ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ በ1987 የተሰማው የካዋይ ኦኦ ይገኝበታል። ለእነዚህ ማንም ትንኝ አልለቀቀላቸውም፤ ዘዴው በጊዜው አልነበረም። አሁን ዘዴው እያለ በገንዘብ እጥረት ወይም በመጓተት አኬኬኤም አኪኪኪን ብትከተል ምክንያት ማቅረብ ይከብዳል።

በማዕከላቱ የተፈለፈሉት አኪኪኪዎች ወደ አላካኢ የሚመለሱት የትንኙ ቁጥር በእርግጥ መውረዱና ወርዶም መቆየቱ ሲረጋገጥ ነው። ይህን የሚያረጋግጡት በአምባው ላይ የሚተከሉት የትንኝ ወጥመዶችና ከሌሎች ወፎች የሚወሰደው የደም ምርመራ ናቸው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በቤት ውስጥ የተወለዱት ወፎች ምግባቸውን ከቅርፊት ሥር ራሳቸው መፈለግ መቻላቸው፣ በጫካ ጎጆ መሥራታቸውና ጫጩት ማሳደጋቸው ደረጃ በደረጃ መፈተን ይኖርበታል፤ የአይጥ ወጥመዱም ከእነሱ ቀድሞ በየጎጆ ስፍራው መተከል አለበት።